የሚድኽ ሕፃንና 40 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በአንድ ቤት፦ ማጉረምረሙን እንዴት እንየው?

ጠያቂ፦ የመጀመሪያ ልጅ እናት

ጤና ይስጥልኝ። የ9 ወር ወንድ ልጅ አለን፤ ባለቤቴ ከመጋባታችን በፊት ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደገው፣ 7 ዓመት የሞላውና 40 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ውሻም አለን። ውሻው እስከ ዛሬ ማንንም ነክሶ አያውቅም። ልጁ ተወልዶ ወደ ቤት ሲገባም እግሩን አሽትቶ ተመልሶ ተኛ እንጂ ምንም የተለየ ነገር አላሳየም። ነገሩ የተለወጠው ልጁ መዳህ ከጀመረ ወዲህ ነው።

ባለፈው ሳምንት እኔና ባለቤቴ ሳሎን ተቀምጠን እያየናቸው ሳለ፣ ልጁ ውሻው ወደ ተኛበት ምንጣፍ ድኾ ሄደና ግራ ጆሮውን ጨምድዶ ያዘ። ውሻው በመጀመሪያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ቀጥሎ አፍንጫውን ላሰ፤ ልጁ አልለቅ ብሎ በሌላው እጁ ጀርባው ላይ ሲደገፍ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ አጉረመረመ። ባለቤቴ ደንግጦ ተነሣና ውሻውን በጫማ መትቶ ወደ ውጭ አስወጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ሲቀርበው ድምፅ አያሰማም፤ ባለበት ድርቅ ብሎ ይቀራል። ባለቤቴ «ትምህርት አግኝቷል» ይላል፤ እኔን ግን ዝምታው ከማጉረምረሙ ይልቅ አስፈርቶኛል። እናቴ ደግሞ ውሻው ዛሬውኑ ከቤት ካልወጣ ልጁን ልታይ እንደማትመጣ ነግራኛለች።

መቅጣታችን ትክክል ነበር? በአንድ ክፍል ውስጥ እያየናቸው አብረው እንዲቆዩ ማድረግስ በቂ ጥንቃቄ ነው?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም

ስጋትዎ ትክክል ነው፤ ዝምታው በእርግጥም የባሰ ነገር ነው።

የጻፉትን ደግመው ቢያነቡት ውሻዎ ከማጉረምረሙ በፊት ሁለት ጊዜ «ተዉኝ» ብሎ እንደነበር ያገኙታል። ፊቱን ማዞሩ አንደኛው፣ አፍንጫውን መላሱ ሁለተኛው ነው። እንቅልፍ ሳይኖረው ማዛጋት፣ የዓይኑ ነጭ በጎን በኩል ጎልቶ መታየት፣ ጆሮን ወደ ኋላ መለጠፍ፣ ተነሥቶ መራቅ፣ እነዚህ ሁሉ ከዚያው ወገን ናቸው። ሰው ሳያያቸው ሲቀር ውሻው ድምፁን ይጨምራል፤ ማጉረምረም ማለት ይኸው ነው። ውሻው ሊናከስ ፈልጎ ሳይሆን ላለመናከስ የሰጠው ማስጠንቀቂያ ነበር። በተመታ ጊዜ የተማረው ነገር ልጁን መውደድ ሳይሆን ድምፅ ማሰማት እንደሚያስመታ ነው። ልጁ ሲቀርበው የሚሰማው ጭንቀት እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ልጁ ከመጣ ምት ይከተላል ብሎ አያይዞት ሊሆን ይችላል። ድርቅ ብሎ የሚቀር ውሻ ታገሠ ማለት አይደለም፤ ከመናከስ በፊት ከሚታዩት የመጨረሻ ምልክቶች አንዱ እንዲህ ያለው ድርቀት ነው። «ምንም ሳያሳይ በድንገት ነከሰ» ከሚባልላቸው ውሾች ብዙዎቹ ማስጠንቀቂያቸውን በቅጣት እንዲተዉ የተደረጉ ናቸው። ጭራውን መቁላቱም አያዘናጋችሁ፤ ሰውነቱ ግትር ሆኖ ጭራው ብቻ ከፍ ብሎ የሚንቀሳቀስ ውሻ ደስ ብሎት ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ትናንሽ ልጆችን የሚነክሱት ውሾች አብዛኞቹ ልጁ የሚያውቃቸው፣ ብዙ ጊዜም የቤቱ ውሾች ናቸው፤ ሲሆንም ብዙውን ጊዜ አዋቂ ሰው እዚያው ቤት ውስጥ አለ። ንክሻ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በሦስት ሜትር ርቀት ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ባይነካ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ እኔ «እያየኋቸው ነው» የምለው ክንዴ ልጁን በሚደርስበት ርቀት፣ በልጁና በውሻው መካከል ስቀመጥ ብቻ ነው። ይህን ቀኑን ሙሉ ማድረግ ስለማይቻል፣ በቀረው ጊዜ በመካከላቸው በር ወይም መከለያ መኖር አለበት። መከለያው ትልቅ ውሻ የማይዘልለው፣ ሲገፋውም የማይወድቅ፣ የሕፃን ጣት የማይሾልክበት ይሁን። ውሻው ካለበት ወገን ውኃውና መኝታው ይኑሩለት፤ በቀን ውስጥም ጥቂት ጊዜ ከእናንተ አንዳችሁ አብራችሁት ተቀመጡ፤ አለዚያ መከለያው እስር ቤት ይሆንበታል።

ልጁ ወደ ውሻው ማምራት ሲጀምር ውሻውን በስሙ ጠርተው ወደ እርስዎ ሲመጣ ይሸልሙት። ጥቂት ቀናት ከተለማመደው ልጁ ሲቀርበው ተነሥቶ መሄድን ይመርጣል፤ ለመሸሽ መንገድ ያለው ውሻ መናከስ አያስፈልገውም። የደረቀ ውሻን ግን አንገቱን ይዞ ለመጎተት አይሞክሩ። ከሩቅ ይጥሩት፤ ወይም ሌላው ሰው ልጁን በእርጋታ ያንሣው።

አንድ ነገር ግን ዛሬ ነገ ሳይሉ ያስመርምሩ። ትልቅ አካል ያለው የ7 ዓመት ውሻ ወደ እርጅናው እየገባ ነው። የዳሌና የክርን መገጣጠሚያ ሕመም፣ የጥርስና የጆሮ ሕመም በዚህ ዕድሜ የተለመዱ ናቸው፤ ውሾች ደግሞ ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ልጁ የያዘው ጆሮውን፣ የተደገፈውም ጀርባውን መሆኑን ልብ ብያለሁ።

መልስ፦ የሦስት ልጆች አባት

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምናገረው ቤቴ የደረሰውን ነው። ሴት ልጄ የ3 ዓመት ልጅ ሳለች፣ አብሯት ያደገ ትልቅ ውሻችን ጠረጴዛ ሥር አጥንት ይዞ ተኝቶ ነበር። ልትስመው ጎንበስ ብላ አንገቱን አቀፈችው። ጩኸቷን ሰምቼ ስዞር ውሻው አፉን ለቅቆ ወደ ጥግ ሸሽቶ ነበር፤ የእርሷ ጉንጭ ግን ከዓይኗ ሥር ሁለት ጣት ያህል ተሰንጥቆ ነበር። ልጆች ፊታቸው ከትልቅ ውሻ አፍ ጋር እኩል ስለሆነ ጉዳታቸው አብዛኛውን ጊዜ ጭንቅላት፣ ፊትና አንገት ላይ መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር። ማቀፍ ለእኛ ፍቅር ነው፤ ለውሻ ግን መያዝ፣ መታፈን ነው። ትናንሽ ልጆች ጥርሱን የገለጠን ውሻ እየሳቀ ነው ብለው ሊያስቡ እንደሚችሉም በጥናት ታይቷል፤ ስለዚህ «ልጄ ተጠንቀቂ» ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም።

የሠራነው ስሕተት ቁስሉን ሳናጥብ በፎጣ ጭነን ወደ ሕክምና መሮጣችን ነበር። የተቀበለችን ነርስ መጀመሪያ የጠየቀችን «በሳሙናና በውኃ አጥባችሁታል?» ብላ ነው። ቁስል በሚፈስ ውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ መታጠብ አለበት፤ የእብድ ውሻ በሽታን ቫይረስ ለመቀነስ በቤት ውስጥ ከሚደረግ ነገር ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ ከሞት የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ሳይታይ በፊት በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ውሻችን የተከተበ ስለነበር ወረቀቱን ይዘን ሄድን፤ ለ10 ቀናትም ታስሮ እንዲታይ ተደረገ። ውሻው እስኪታይ ብሎ ሕክምናን ማዘግየት ግን በሐኪም ትእዛዝ ካልሆነ በቀር አይገባም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቷንም ጠይቀውናል። ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ቢታይም ችላ አይበሉ፤ የውሻ ጥርስ ጀርሞችን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ላዩ ሲደርቅም ውስጡ ሊያመረቅዝ ይችላል።

ልጄ ዛሬ 11 ዓመቷ ነው፤ ጠባሳው አለ። ከዚያ ወዲህ ውሻችን አጥንትም ሆነ ምግብ የሚያገኘው በተዘጋ በር ጀርባ ነው።

መልስ፦ ውሻውን የሰጠ

ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ከእናትዎ ጋር እስማማለሁ። «ትንሽ ውሻም ይነክሳል» የሚለውን ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አዎን፣ ይነክሳል፤ ነገር ግን የ4 ኪሎ ውሻ ስሕተትና የ40 ኪሎ ውሻ ስሕተት እኩል አይደለም። የእኛው እኮ አንድም ቀን ጥርሱን አላሳየም፤ ልጃችንን ግን በደስታ ሲዘልል ሁለት ጊዜ ጥሏታል፣ በሁለተኛው ግንባሯ ከደረጃ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። መከለያ ገዝተን ነበር፤ በወሩ ውስጥ ሦስት ጊዜ ክፍት ሆኖ አገኘሁት፤ ከሦስቱ አንዱን ክፍት የተውኩት ራሴ ነበርኩ። የማንጠብቀውን ሥርዓት አለን ብለን ራሳችንን ከማታለል፣ ልጅ የሌላት ዘመዳችን ዘንድ እንዲኖር ወሰንን። ውሻውም ደኅና ነው። «የሚጮህ ውሻ አይነክስም» በሚለው ብሂል ያደገ ሰው ይህን ፍርሃት ማጋነን ሊለው ይችላል፤ ይበለው።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም

የጻፉትን አልቃወምም። መከለያ የሚጠቅመው የሚዘጋው ሰው ሲኖር ነው፤ ቤተሰቡ ሊጠብቀው እንደማይችል በቅንነት ካወቀ ውሻውን ለሚመጥነው ሰው መስጠት ሽንፈት አይደለም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሲሰጡት በልጅ ላይ ማጉረምረሙን ለሚቀበለው ሰው አይደብቁ። ሌላ ሕፃን ወዳለበት ቤት የሚላክ ከሆነ አደጋውን አድራሻ አስቀየርነው እንጂ አላስወገድነውም።

ጠያቂ፦ የመጀመሪያ ልጅ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሦስተኛው ቀን ወስደን አስመረመርነው። ሐኪሙ ግራ ጆሮውን ሲገልጠው ውስጡ ቀልቶ፣ ቡናማ ነገር ቋጥሮ ይሸት ነበር፤ ጣቱን ጠጋ ሲያደርግ ውሻው አፍንጫውን ላሰና ፊቱን አዞረ። ልክ በዚያን ቀን ልጁ ላይ እንዳደረገው። ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር፤ ምንም አልተናገረም፤ በመኪና ስንመለስ ግን ከኋላ ከውሻው ጋር ተቀመጠ።

የጆሮ ጠብታ ለ10 ቀናት ታዝዞለታል። ሐኪሙ «ጆሮው ቢድንም መከለያው አይነሣም» ስላለን በኮሪደሩ በኩል አስተክለነዋል፤ ከመካከላችን ማን እንደሚዘጋው እንዳንካካድ ባለቤቴ በራሱ የሚዘጋውን ዓይነት መርጧል። እናቴን መከለያው እስኪተከል ጠብቄ ጠራኋት፤ እሑድ መጥታ ሁለት ጊዜ ገፍታ ከሞከረችው በኋላ ልጁን ተቀበለችኝ። ውሻው ይሂድ የሚለውን ሐሳቧን ግን አልተወችም፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። ልጁ ቆሞ መሄድ ሲጀምር እንደገና እናየዋለን።