የስፓኒሹ «ኬዳር» መቅረት ከሆነ እንዴት ቀጠሮ ይሆናል?

ጥያቄ

ሰላም ለዚህ ቤት። ማድሪድ ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው። «ኬዳር» የሚለውን ግስ «ቀረ» ብዬ ነው የያዝኩት፤ ደህና ሲያገለግለኝ ቆይቶ ባለፈው ዓርብ ጉድ ሠራኝ። የሥራ ባልደረባዬ «ኤሞስ ኬዳዶ አ ላስ ኦቾ» ብሎ ጻፈልኝ። ኦቾ ስምንት ነው፤ እኔ «የኦቾው ቀርቷል» ብዬ ተረዳሁትና ቀረሁ። ለካ አራት ሰው ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነበር! እባካችሁ አስረዱኝ።

መልስ

አይዞህ ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። የያዝከው ትርጉምም ስህተት አይደለም። እንዲያውም ከአማርኛ ለሚነሳ ሰው «ቀረ» ለኬዳር ምርጥ ቁልፍ ነው። አንድ በር ላይ ብቻ ተገላቢጦሽ ይሆናል፤ አንተም የሄድከው በዚያው በር ነው።

ከሚገጥመው ልጀምር። «ሜ ኬዳን ዶስ ኤውሮስ» ማለት «ሁለት ዩሮ ቀረኝ» ነው። አሠራሩን ልብ በል። ግሱ የገንዘቡ ነው፤ እኔ የምገባው በ«ሜ» ነው፣ ልክ እንደኛ «ኝ»። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። ዩሮው አንድ ከሆነ «ኬዳ»፣ ከበዛ «ኬዳን» ነው። ደግሞ እኛ «ቀረኝ» ስንል ያለፈ ጊዜ ይመስላል፤ እነሱ ግን አሁን እጅህ ላይ ላለው የአሁኑን ጊዜ ነው የሚጠቀሙት።

«ሴ» ሲጨመርበት «ኬዳርሴ» ይሆናል። አንዱ ትርጉሙ ባሉበት መቆየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ጊዜ ስፔን ውስጥ በየቦታው «ዮ ሜ ኬዶ ኤን ካሳ» ይባል ነበር፤ «እኔ ቤቴ እቆያለሁ»። ሌላው ሆኖ መቅረት ነው። «ሜ ኬዴ ሲን ትራባኾ» ያለ ሥራ ቀረሁ። እኔ በጣም የምወደው ደግሞ «ሜ ኬዴ ኮን ላስ ጋናስ» የሚለውን ነው፤ ቁርጥ «እንዳማረኝ ቀረ»! ሳላገባ ቀረሁ ብላ ለምትቆጭ ሴት ሳይቀር አላቸው፤ «ቅዱሳንን ልታለብስ ቀረች» ይላሉ። የቤተ ክርስቲያን ሐውልት ስታለብስ ትኖራለች ማለታቸው ነው። የእኛው «ቆማ ቀረች» እኮ ነው። ሁለቱም የሚያስቀይሙ አባባሎች ስለሆኑ እወቃቸው እንጂ አትጠቀምባቸው።

አሁን ወደ ቀጠሮህ። ኬዳር የመጣው ከላቲኑ «ኪዬታሬ» ነው፤ ማረጋጋት፣ ጸጥ ማሰኘት ማለት ነው። ሰዓት እላፊን «ቶኬ ዴ ኬዳ» የሚሉትም ከዚሁ ሥር ነው። እኔ የምይዘው እንዲህ ነው፦ ሰዎች ሲነጋገሩ ቆይተው ሐሳባቸው አንድ ቦታ ሲረጋ «ኬዳሞስ» ይላሉ። የኛ ቀጠሮ ይቆረጣል፣ የነሱ ይረጋል። ስለዚህ «ኤሞስ ኬዳዶ አ ላስ ኦቾ» ማለት «በኦቾ ተቀጣጥረናል» ነው። (ኦቾ ደግሞ ማታ ከሆነ በኛ ሁለት ሰዓት ነው፤ እሱም ሌላ ጣጣ ነው።) አንድ ሰው ቃሉን ሲለዋውጥብህ «ኤን ኬ ኬዳሞስ?» በለው፤ «ታዲያ የቱን እንያዝ?» እንደማለት ነው።

አንተ ያደረግከውን ለመናገር ግን ኬዳር አይሆንም። ባልደረባህ ስላንተ የሚለው «ሜ ዴኾ ፕላንታዶ» ነው። ቃል በቃል «ተክሎኝ ሄደ»፤ እኛ «ገትሮኝ ቀረ» የምንለው።

ሌላ መልስ

ከላይ ያለው ጥሩ ነው። እኔ ስፓኒሽ የለመድኩት ሜክሲኮ ስለሆነ ትንሽ ልጨምር። እዚያ «ኬዶ ዴ ያማርሜ» ይላሉ፤ «ሊደውልልኝ ተነጋግረን ነበር» ለማለት። ስፔን ግን «ኬዶ ኤን ያማርሜ» ነው። ለቦታም «ዶንዴ ኬዳ?» እያልክ ባንክ፣ ጣቢያ፣ መንደር ትጠይቃለህ። የጠፋ ስልክህን ስትፈልግ ግን «ዶንዴ ኤስታ?» ነው፤ ኬዳር ከቦታው ለማይነቃነቅ ነገር ነው። ልብስ ስትለካ «ቴ ኬዳ ቢዬን» ካሉህ ደስ ይበልህ፣ «ያምርብሃል» ነው።

ስፔን ላለህ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። «ቴ ኤስታስ ኬዳንዶ ኮንሚጎ?» ብሎ የሚጠይቅህ ሰው «እኔ ጋ ልትቀር ነው?» እያለህ አይደለም። «እያሾፍክብኝ ነው?» ነው የሚልህ።

ከጠያቂው

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ይኸኛውንማ ባለፈው ሳምንት ሰምቼ «አይ፣ ወደ ቤቴ ልሄድ ነው» ብዬ መልሻለሁ። ለካ እንደዚያ የሳቁት ለዚህ ነው።

ዛሬ ያው ባልደረባዬ «ኬዳሞስ ኤል ቢዬርኔስ?» ብሎ ጽፎልኛል፤ ዓርብ እንገናኝ ወይ ነው አይደል? «ኬዳሞስ» ብዬ መለስኩ። አሁን ሜ ኬዳ አንድ ነገር ብቻ፦ በስንት ሰዓት እንደሆነ መጠየቅ።