ጥያቄና መልስ፦ ለ0.3 ሚሊቮልት ካርትሪጅ የቱ ፎኖ ፕሪአምፕ ይሻላል?

ሸክላ ወዳድ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ሸክላ ማጫወቻዬ ደህና ነው። ክንዱም ከበድ ያለ ስለሆነ ለያዝኩት ካርትሪጅ (መርፌውን ይዞ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀይረው ክፍል) ይስማማዋል። ካርትሪጁ ዴኖን ዲኤል-103 ነው። እስካሁን የምጠቀመው አምፕሊፋየሩ ውስጥ አብሮ የተሠራውን የፎኖ መግቢያ (የካርትሪጁን ደካማ ምልክት የሚያጎላውን) ነው። ኤም.ኤም (ሙቪንግ ማግኔት፣ ጠንከር ያለ ምልክት ለሚሰጥ ካርትሪጅ) እና ኤም.ሲ (ሙቪንግ ኮይል፣ እንደኔው ደካማ ምልክት ለሚሰጥ) የሚል ማብሪያ አለው፤ ከዚያ ውጭ ጌይኑም (የማጉላት መጠኑ) ሎዱም (ፎኖው ካርትሪጁ ላይ የሚጭነው ኦም) አይነካም።

ችግሬ ይኸው። ዝግ ያለ ሙዚቃ፣ ለምሳሌ ፒያኖ ብቻውን ሲጫወት፣ ቮልዩሙን በጣም መክፈት አለብኝ። ያኔ ከስር ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይመጣል። ጮክ ባለ ሙዚቃ አይሰማኝም።

አሁን ደህና ገንዘብ አውጥቼ አንዴ ልገላገል ብዬ ሦስት መንገድ ለይቻለሁ። አንደኛው ጌይንና ሎድ የሚቀያየርበት ትራንዚስተር ፎኖ ነው። ሁለተኛው የቲዩብ (አምፖል የሚመስል የድሮ ዓይነት ማጉያ) ኤም.ኤም ፎኖ ከስቴፕ-አፕ ትራንስፎርመር (ቮልቴጅ ከፍ ከሚያደርግ) ጋር ነው። ሦስተኛው በቮልቴጅ ሳይሆን በከረንት የሚሠራው ነው፤ ሰሞኑን ሁሉም ስለሱ ነው የሚያወራው። ወደፊት ካርትሪጁን በኦርቶፎን ካደንዛ ብሮንዝ የመቀየር ሐሳብ አለኝ። ጥቂት እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ ሸክላዎችም አሉኝ፤ ኢኳላይዜሽን (የባስና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ) መምረጫ ያለው ያስፈልገኛል ወይ? የቱን ልያዝ?

ርግብ

ወንድሜ፣ ኪስህን ከመክፈትህ በፊት ሽሽታው ከየት እንደሚመጣ እወቅ። መርፌውን ከሸክላው ላይ አንሳ። ቮልዩሙን ፒያኖ በምትሰማበት ቦታ ላይ ተወው። ጆሮህን ወደ ስፒከሩ ጠጋ አድርግ። ከዚያ መምረጫውን ምንም ወደማይጫወትበት ሌላ መግቢያ አዙረው። ሽሽታው እዚያም እኩል ከተሰማ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ነው። በዓለም ላይ ያለውን ውድ ፎኖ ብትገዛ ለውጥ የለውም። በፎኖው ብቻ ከሆነ ግን ጥርጣሬህ ልክ ነው።

ደግሞ ሽሽታና ጉምጉምታ አንድ አይደሉም። ወፍራም «ኡምምም» ከሆነ የመብራት መስመሩ 50 ወይም 60 ኸርዝ ነው። ያ የግራውንድ ወይም የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። ከማጫወቻው የምትወጣው ቀጭን ሽቦ በደንብ ታስራ እንደሆነ እያት። ብዙ ሰው ለዚህ ብሎ ሌላ ፎኖ ይገዛል፤ ጉምጉምታው ግን አዲሱንም ተከትሎት ይመጣል።

ሚሊቮልት

ርግብ ያለችው ይቅደም። ቀጥሎ ሒሳብ ነው፤ ብራንድ በኋላ ይደረስበታል።

ዲኤል-103 የሚያወጣው 0.3 ሚሊቮልት ነው፣ ኮይሉ 40 ኦም። ተራ ኤም.ኤም ካርትሪጅ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ይሰጣል። ያንተ ቢያንስ አሥር እጥፍ ያንሳል ማለት ነው። 40 ዴሲቤል ጌይን ምልክቱን 100 እጥፍ ያሳድጋል፣ 60 ዴሲቤል ደግሞ 1000 እጥፍ። ስለዚህ ለኤም.ኤም የሚበቃው 40 ዴሲቤል ላንተ 30 ሚሊቮልት ብቻ ነው የሚሰጥህ። በ60 ግን 300 ሚሊቮልት ታገኛለህ። ይሄ የመለኪያ ደረጃው ነው፤ ሸክላው ላይ ጮክ ያለ ቦታ ሲመጣ ምልክቱ ከዚህ በጣም ይዘላል። ከ60 እስከ 64 ዴሲቤል ላንተ በቂ ነው።

«ጌይን በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚልህን አትስማ። ጌይኑ ሲበዛ ፎኖው ቶሎ ይሞላል። ሸክላው ላይ ጭረት ወይም አቧራ ሲያጋጥም የሚወጣው «ቻክ» በጣም ፈጣንና ከፍ ያለ ምልክት ነው። በቂ ህዳግ (ድምፁ ሳይዛባ ከፍ ያለ ምልክት የሚሸከምበት ትርፍ አቅም) የሌለው ፎኖ እዚያ ላይ ይደነግጣል፣ «ቻክ» የነበረው «ቻአክ» ሆኖ ይረዝማል። ህዳግ ያለው ላይ ያው ጭረት ቲክ ብሎ ያልፋል። አሮጌ ሸክላ ለሚሰማ ሰው ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። በማስታወቂያ ላይ ግን ብዙም አይወራለትም።

ውዱ ዕቃ በዋናነት የሚሸጥልህ ይሄን ነው፦ ዝቅተኛ ኖይዝ፣ ንጹሕ ፓወር ሰፕላይ፣ ሰፊ ህዳግና ትክክለኛ ኢኳላይዜሽን። ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል። በ20 ኸርዝ 20 ዴሲቤል ገደማ ወደ ታች፣ በ20 ሺህ ኸርዝ 20 ዴሲቤል ገደማ ወደ ላይ። ፎኖው ይሄን ገልብጦ ያስተካክላል። ግራና ቀኙ በዚህ ላይ ካልተስማሙ የዘፋኙ ድምፅ መሐል ላይ አይቆምልህም።

ጋሽ ቲዩብ

ልጄ፣ እኔ የቲዩብ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። ዲኤል-103 በትራንስፎርመር ሲጫወት ያልሰማ ሰው ዲኤል-103ን ሰምቻለሁ አይበል። ካርትሪጁን ዴኖን ከጃፓኑ ብሮድካስት ድርጅት ከኤንኤችኬ ጋር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራው ለሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ነበር። ትራንስፎርመርም የዚያው ዘመን ልጅ ነው፤ ይግባባሉ።

ቁጥሩንም ልንገርህ፣ ሚሊቮልት እንዳይስቅብኝ። 1 ለ10 የሆነ ትራንስፎርመር 20 ዴሲቤል ይጨምርልሃል፤ ያንተን 0.3 ወደ 3 ሚሊቮልት ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ተራ ኤም.ኤም ፎኖ ይበቃል። ትራንስፎርመር በራሱ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ሽሽታም አይጨምርም ማለት ይቻላል። ከኋላው ኢኤአር 834ፒን የመሰለ፣ በሦስት ኢሲሲ83 ቲዩብ የሚሠራ ፎኖ አድርግና ማታ ተቀመጥ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ትራንስፎርመሩን ከአምፕሊፋየሩ ፓወር ትራንስፎርመር አርቀው። አጠገቡ ካስቀመጥከው ጉምጉምታ ይለቅማል። ሙዚቃ ሳይኖር ቮልዩሙን ከፍ አድርግና በእጅህ ቀስ ብለህ አዙረው። ጉምጉምታው የሚጠፋበት አቅጣጫ አለ፤ እዚያ ላይ ተወው።

ሸክላ ወዳድ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ርግብ ያልሽውን ሞከርኩት። በሌላ መግቢያ ጭጭ ነው፤ በፎኖው ብቻ ነው ሽሽታው። ጉምጉምታ ምንም የለም። እና ጋሼ፣ የሚገዛው ትራንስፎርመር 1 ለ10 ይሁን ወይስ 1 ለ20? ሁለቱም ይሸጣል። ያ በከረንት የሚሠራውስ? ከሁሉም ጸጥ ያለ ነው እየተባለ ነው።

ሚሊቮልት

በከረንት የሚሠራውን ላንተ አልመርጥም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ያ ዓይነቱ ፎኖ የሚያጎላው ከካርትሪጁ የሚወጣውን ከረንት ነው፤ ከረንቱ ደግሞ ቮልቴጁ ለኮይሉ ኦም ሲካፈል ነው። ዲኤል-103፦ 0.3 ሚሊቮልት ለ40 ኦም፣ 7.5 ማይክሮአምፔር። ካደንዛ ብሮንዝ፦ 0.4 ሚሊቮልት ለ5 ኦም፣ 80 ማይክሮአምፔር። አየህ? በቮልቴጅ ሲታዩ ጎረቤት ናቸው፤ በከረንት ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ይራራቃሉ። ብሮንዝን በገዛህ ቀን ያ ፎኖ ድንቅ ይሆናል። ከዲኤል-103 ጋር ግን ቮልዩሙን መልሰህ ልትከፍት ነው፤ መነሻ ችግርህም ይኸው ነበር።

ደግሞ 40 ኦም ኮይል ራሱ ትንሽ ሽሽታ አለው፣ ሬዚስተር ነውና። ከተወሰነ በላይ ጸጥ ያለ ፎኖ ብትገዛ ልዩነቱን የሚሰማው መለኪያ መሣሪያ እንጂ ጆሮህ አይደለም። ሸክላው ራሱ ከዚያ በላይ ይንሾካሾካል።

ስለ ትራንስፎርመሩ ጋሼ ይመልሱ፤ ሎዱን እንዳይረሱ ብቻ።

ጋሽ ቲዩብ

አልረሳም አንተ ልጅ! ትራንስፎርመር ከኋላው ያለውን የኤም.ኤም ፎኖ 47 ኪሎ ኦም ሎድ በእጥፉ ስኩዌር አካፍሎ ነው ለካርትሪጁ የሚያሳየው። 1 ለ10 ከሆነ ለ100 ይካፈላል፤ 470 ኦም። 1 ለ20 ከሆነ ለ400፤ 117 ኦም ገደማ። ዲኤል-103 ቢያንስ 100 ኦም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ይሄዳሉ። 1 ለ20 ድምፁን ጠበቅ ሰብሰብ ያደርገዋል፤ 1 ለ10 ዘና ያለ አየር ይሰጠዋል። ለዲኤል-103 ብቻ ቢሆን እኔ 1 ለ20 ነበር የምለው።

አንተ ግን ብሮንዝን እያሰብክ ነው። 0.4 በ20 ሲባዛ 8 ሚሊቮልት ነው። ይሄ ለብዙ ኤም.ኤም ፎኖ ይበዛል፤ ሚሊቮልት የነገረህን ህዳግ ይበላል። ስለዚህ 1 ለ10 ውሰድ። ለብሮንዝ 470 ኦም ትንሽ ከፍ ይላል፣ ኦርቶፎን የሚለው ከ50 እስከ 200 ነው። ግን አንድ ሬዚስተር በጎን ማስገባት ለማንም ቴክኒሽያን የደቂቃ ሥራ ነው።

ርግብ

እኔ የምፈራው ይሄንኑ ነው። ትራንስፎርመር፣ ከዚያ ሬዚስተር፣ ከዚያ ተጨማሪ ኬብል፣ ከዚያ የቲዩብ መቀየሪያ። ጠያቂው «አንዴ ልገላገል» ነው ያለው እኮ! መነካካት ለሚወድ ሰው የጋሼ መንገድ ጣፋጭ ነው። መገላገል ለሚፈልግ ግን ጌይንና ሎድ የሚቀያየርበት ትራንዚስተር ፎኖ ይሻላል። ካርትሪጅ ሲቀየር ሁለት ማብሪያ ነክተህ ትቀመጣለህ።

ስትመርጥም ማብሪያዎቹ የት እንዳሉ እይ። አንዳንዱ ዕቃ ላይ ሆዱ ስር ናቸው፣ በክብሪት እንጨት የሚነኩ ጥቃቅን ነገሮች። ፎኖውን መገልበጥ፣ ኬብል መንቀል አለብህ። እንዲህ ከሆነ አንዴ ታስተካክልና ዳግም አትነካውም፤ ልክ ይሁን ስህተት ሳታውቀው ይቀራል። ፊት ለፊት ያለው ላይ ግን ወንበርህ ላይ ሆነህ እያዳመጥክ ትቀያይራለህ። ሬጋ ኦራ እንዲህ ነው፤ ግን ለኤም.ሲ ብቻ የተሠራ ስለሆነ አንድ ቀን ኤም.ኤም ልስማ ብትል አይሆንልህም። ጎልድ ኖት ፒኤች-10 ሁለት መግቢያ አለው፤ ሁለት ክንድ ወይም ሁለት ማጫወቻ ላለው ሰው እሰየው ነው። ፓራሳውንድ ጄሲ 3 ጁኒየር ላይ ጌይኑ 40፣ 50 እና 60 ነው፤ ላንተ 60ው ይሠራል፣ ዲዛይኑም የጆን ከርል ነው።

ሚሊቮልት

በርግብ ሐሳብ እስማማለሁ። ሎድ ስትቀያይር ግን አንድ ወጥመድ አለ። ከ1000 ኦም ወደ 100 ኦም ስታወርድ ዲኤል-103 ላይ ድምፁ በ2.6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ኮይሉ 40 ኦም ስለሆነ ከሎዱ ጋር ምልክቱን ይካፈላል። ጆሮ ደግሞ ጮክ ያለውን ሁልጊዜ «የተሻለ» ይለዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው 1000ውን «ክፍት፣ ሕይወት ያለው» ይልና ይወስናል፤ የመረጠው ግን ቮልዩም ነው። ሎድ በቀየርክ ቁጥር ቮልዩሙን አስተካክል፣ ከዚያ አወዳድር።

ምን ላዳምጥ ካልክ፣ ሲምባል የተመታበትን ቦታ ያዝ። ሎዱ በጣም ከፍ ካለ «ጽስስ» ብሎ ይረጫል፣ የዘፋኟም «ስ» እና «ሽ» ይወጋል። በጣም ዝቅ ካለ ሲምባሉ ጭራው ይቆረጣል፣ ክፍሉ የጠበበ ይመስላል። በመካከል ላይ ሲምባሉ ተመትቶ ቀስ እያለ ሲከስም ይሰማሃል። ለዲኤል-103 ከ100 እስከ 470 ባለው ውስጥ ታገኘዋለህ።

ሸክላ ወዳድ

ግልጽ ነው። የ1950ዎቹ ሸክላዎቼስ?

ሚሊቮልት

አር.አይ.ኤ.ኤ የሚባለው አንድ ወጥ ኢኳላይዜሽን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ ነበረው፤ ኮሎምቢያ የራሱ፣ ዴካ የራሱ። ስቴሪዮ ሸክላ ገበያ የገባው ከዚያ በኋላ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። እንግዲህ የስቴሪዮ ሸክላዎችህን በአር.አይ.ኤ.ኤ አጫውታቸው፣ ሌላ አትፈልግ። ሞኖ ሆነው ከ1954 በፊት የታተሙ ካሉህ መምረጫው ይጠቅማል፤ ፒኤች-10 ዴካንና ኮሎምቢያን ጨምሮ አለው። ጥቂት ከሆኑ ግን ለሱ ብለህ ምርጫህን አትቀይር። የባስና የትሬብል ማስተካከያ ቢኖርህ ለጥቂት ሸክላ ይበቃል፤ አንዳንዱ ኦዲዮፋይል ይሄን ሲሰማ ይቆጣ ይሆናል።

ባላንስድ መግቢያ ያለው ፎኖ ካገኘህ ግን አትናቀው። ካርትሪጅ በተፈጥሮው ባላንስድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሽቦ አለው፣ አንዱም ከግራውንድ ጋር አይገናኝም። ከአርሲኤ (ተራው የኦዲዮ መሰኪያ) ወደ ኤክስኤልአር (የባላንስድ መሰኪያ) የሚቀይር አዳፕተር መሰካት ግን ያው አርሲኤ ነው፤ ገመዱ ራሱ ከክንዱ ጀምሮ በዚያ መልክ መሠራት አለበት።

ሸክላ ወዳድ

እንግዲህ ትራንዚስተሩን ልይዝ ነው፤ ጋሼ እንዳይቀየሙኝ። 60 ዴሲቤልና ከ100 እስከ 470 ኦም የሚቀያየር፣ ማብሪያው ፊት ለፊት ወይም ኋላ ላይ ያለ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ፎኖው ከማጫወቻው ምን ያህል ይራቅ? መደርደሪያዬ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ከአምፕሊፋየሩ በላይ ነው።

ጋሽ ቲዩብ

ምን ያስቀይመኛል፤ ብሮንዝን ስትገዛ ዲኤል-103ን ለኔ ላክልኝና ታረቅን።

አምፕሊፋየር ላይ አታስቀምጠው። ከስሩ ያለው ፓወር ትራንስፎርመር ይረብሸዋል፤ ሙቀቱም አለ። ከማጫወቻው ጎን አድርገው፣ የክንዱ ኬብል ከ1 ሜትር አይብለጥ። ርቀት ካስፈለገህ ከፎኖው ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደውን ኬብል አስረዝም። እዚያ ምልክቱ ጎልብቷል፣ አይጎዳም።

ርግብ

ፓወር ሰፕላዩ በተለየ ሳጥን የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሳጥኑን ታችኛው መደርደሪያ ላይ ጣለው። ሲደርስህ ያንኑ የመርፌ ማንሳቱን ሙከራ መጀመሪያ በአሮጌው፣ ቀጥሎ በአዲሱ አድርግ፣ ሁለቱንም ፒያኖው እኩል በሚጮህበት ቮልዩም። ሽሽታው ካልቀነሰ መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ መልሰው።