ሲሊከን የተሞላበት የጀልባ ስንጥቅ በምን ይጸዳል?

ፋይበር ግላስ የምታውቁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ባሕር ዳር ያለች፣ 4 ሜትር የማትሞላ አሮጌ የፋይበር ግላስ የሸራ ጀልባ ናት። ቆማ ስትውል ጠብታ አታስገባም፤ ነፋስ ከጎን መትቷት ሸራው ሲወጠር ግን በግማሽ ሰዓት 3 ሊትር ያህል ውሃ ትይዛለች።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ወደ ውሃ የሚወርደውን ሳንቃ የያዘውን ቡሎን ነበር። ከከመነዳሪ 2 ሮንዴላ ቆርጬ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ጀልባዋን በርሜል ላይ አስቀምጬ፣ ሳንቃው የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ሳጥን አፍ ከሥር በፕላስተር ዘግቼ ውሃ ሞላሁት። ከኋላ፣ ሳጥኑ ከወለሉ በሚጋጠምበት ጥግ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አለ። ሳጥኑን ወደ ጎን ገፋ ሳደርገው ይከፈትና ውሃው ይንጠባጠባል።

ጥገናው ራሱ አያስፈራም፦ ስንጥቁን ከፍቶ 3 ድርብ ማት (የፋይበር ግላስ ጨርቅ) በፖሊስተር ሬዚን (ሲደርቅ በሚጠጥር ፈሳሽ) መደረብ ነው፣ ሬዚኑን የሚያጠጥረው ሃርድነር ከሬዚኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ። ችግሩ፣ ቀድሞ የነካካው ሰው ጥጉን ሲሊከን ሞልቶበታል (ምነው በተወው!)። ሲሊከን በነካው ላይ ሬዚን አይዝም። በምላጭ ላጥኩት፣ በአሴቶን ወለወልኩት፤ ውሃ ስረጭበት አሁንም ቅባት ላይ እንደወደቀ ጠብታ ይሰበሰባል። ብርጭቆ ወረቀት ደግሞ ቅባቱን ጭረቱ ውስጥ እንዳይከተው ፈራሁ።

2 ሚሊ ሜትር ያህል በግራይንደር ላንሳው? ወለሉ እዚያ ጋ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ወይስ ጥጉን ትቼ ሳጥኑን ግራና ቀኝ በዋንዛ እንጨትና በቡሎን ባስረው ይበቃል? ደግሞስ እንደ ደንገል ታንኳ ፀሐይ ላይ አቁሜ ስንት ቀን ላድርቃት?