የሪሞት አውሮፕላኔ ስለቀው አፍንጫውን አንስቶ ወደ ግራ ይወድቃል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፣ ከኦሮራ ኮሎራዶ
ሰላም ለሁላችሁ። መብረር እየተማርኩ ያለሁት ክንፉ ከላይ በሆነ ባለ አራት ቻናል የፎም አውሮፕላን ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.2 ሜትር፣ ባትሪው ባለ 3 ሴል 2200 ሚሊአምፒር-ሰዓት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ነው። ወድቆ አፍንጫው ስለተሰበረ በማጣበቂያ ጠገንኩት፤ ያዘመመ የመሰለኝን የሞተር መቀመጫም አቃናሁት። ከዚያ ወዲህ በእጄ ስወረውረው አፍንጫው ሽቅብ ይወጣና ፍጥነቱ ያልቅበታል፤ ከዚያ በግራ ክንፉ ይወድቃል። ባትሪውም እንደ ድሮው ወደ ፊት አይገባም።

መልስ፣ ከዳላስ
ወንድሜ፣ ሁለቱም ችግሮች ከጥገናው የመጡ ናቸው።

የሞተሩ መቀመጫ አልተጣመመም ነበር። ሞተር ከፋብሪካ ሲገጠም ሆን ተብሎ ጥቂት ዲግሪ ወደ ቀኝና ወደ ታች ያዘነብላል። ፕሮፔለሩ ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ ስለሚዞር አካሉን በተቃራኒው ወደ ግራ ያንከባልለዋል፤ ጉልበት ሲሰጠው ደግሞ አፍንጫው ይነሳል። ማዘንበሉ ይህንን ለማካካስ ነው። መቀመጫውን በመመሪያው ላይ ወዳለው አቀማመጥ መልሰው።

ባትሪው ወደ ኋላ በመቅረቱ ደግሞ ጅራቱ ከብዷል። የክንፉን ስፋት ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ለካ። 20 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ከፊት ጠርዝ 5 ሴንቲሜትር ገባ ብለህ በሁለቱም ክንፎች ሥር ምልክት አድርግ። መመሪያው የራሱ ቁጥር ካለው ግን እሱን ተከተል። ባትሪውን ገመዱን ሳትሰካ አስቀምጠህ ምልክቱ ላይ በሁለት ጣት አንሳው። አግድም ከቆመ ወይም አፍንጫው በትንሹ ከወረደ ደህና ነው። ጅራቱ ከወረደ ግን በፍጹም አትወርውረው። የባትሪውን ክፍል ፎም እየፋቅክ ባትሪውን ወደ ፊት አስጠጋ፤ አፍንጫው ላይ ክብደት መለጠፍ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

መልስ፣ ከሲያትል
የዳላሱ ወንድማችን ያለው ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ አወራወሩ ነው። ከመወርወርህ በፊት ከጅራቱ በኩል ቆመህ የሪሞቱን ስቲክ (መቆጣጠሪያ ዘንግ) ወደ ቀኝ ግፋ፤ የቀኙ አይለሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች መሄድ አለበት። ስቲኩን ወደ ራስህ ስትስብ ኤሌቬተሩ (የጅራቱ አግድም ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ ይነሳል። ለጀማሪ የስቲኩን ምላሽ በሪሞቱ ወደ 60 በመቶ መቀነስ ጥሩ ነው።

ፊትህን ወደ ነፋሱ አዙር፣ ጉልበቱን ከሦስት አራተኛ በላይ አድርግና ክንፉን አግድም ይዘህ ቀጥ አድርገህ ልቀቀው። ብዙ ጀማሪ ሽቅብ ስለሚወረውር ነው ፍጥነት የሚያጥረው። 30 ሜትር ያህል ሳይወጣ አትጠምዝዘው። ወደ አንተ ሲመጣ ቀኝና ግራ ይምታታል፤ ያን ጊዜ ስቲኩን ዝቅ ወዳለው ክንፍ አቅጣጫ ግፋ፣ ይቃናል። ይህን እጅህ እስኪለምድ በኮምፒውተር ሲሙሌተር ተለማመድ።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ባትሪው ሲወድቅ ትንሽ አብጧል፤ ይሠራል? በአንድ ቻርጅስ ስንት ደቂቃ ልብረር?

መልስ፣ ከሚኒያፖሊስ
ያበጠ ሊፖ አይሠራም፤ ቻርጅም አታድርገው፣ እሳት ያስነሳል። ቆሻሻ ውስጥ ሳትጥል ባትሪ ለሚሰበስቡ ቦታ ስጥ። አዲሱን በባላንስ ቻርጀር (ሴሎቹን እኩል አድርጎ በሚሞላ) በ2.2 አምፒር ሙላ፤ አጠገቡም ሁን። መጀመሪያ የሪሞቱን ሰዓት 4 ደቂቃ ላይ አድርገህ ውረድ። ከዚያ ቻርጀሩ መልሶ ያስገባውን ቁጥር እይ፤ 1200 ሚሊአምፒር-ሰዓት ከሆነ በደቂቃ 300 ትጠቀማለህ ማለት ነው። ባትሪውን ግን ሙሉ በሙሉ አትጨርሰው፤ ከ2200ው 80 በመቶው 1760 ስለሆነ ከ5 ደቂቃ ትንሽ ማለፍ ትችላለህ። የማትበርበት ሳምንት ከሆነ እያንዳንዱን ሴል 3.8 ቮልት ላይ አስቀምጥ።

ያላችሁበት ከፍታ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠለል 15 በመቶ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ላለመውደቅ በባሕር ጠለል ከሚያስፈልገው 8 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። በበጋ ቀትር ደግሞ ይብሳል፤ ማለዳ ብረር፣ ስታሳርፈውም ጉልበቱን ቶሎ አትቁረጥ።

መልስ፣ ከዴንቨር
ወንድሜ፣ ኦሮራ ውስጥ ደስ ያለህ ፓርክ ገብተህ አትልቀቅ፤ በክሊ የጦር ሰፈር እዚያው ነው፣ የሴንቴኒያል አውሮፕላን ማረፊያም ቅርብ ነው። የት መብረር እንደሚፈቀድ ለማወቅ የቦታውን የአየር ክልል የቢፎርዩፍላይ አገልግሎት በሚሰጥ መተግበሪያ እይ። አውሮፕላንህ ከ250 ግራም በላይ ስለሆነ በኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) መመዝገብ አለብህ፤ 5 ዶላር ነው፣ ለ3 ዓመት ያገለግላል። ትረስት የሚባለውን ነጻ የበረራ ደኅንነት ፈተናም ውሰድ። ሪሞት አይዲ ሞጁል (የአውሮፕላኑን መለያና ቦታ በሬዲዮ የሚያሰራጭ መሣሪያ) ከሌለህ ኤፍኤኤ ባጸደቀው የክለብ ሜዳ ላይ ብቻ ብረር። ክለብ ውስጥ አስተማሪ ካገኘህ ሁለት ሪሞት ያገናኛል፤ ሲያቅትህ መቆጣጠሪያውን ይረከብሃል።