አንድምታን አማርኛ በደንብ ለማይሰሙ ልጆች እንዴት ላስተምር?

ዋሽንግተን አካባቢ በሰንበት ትምህርት ቤት ለአሥራዎቹ ልጆች መዝሙረ ዳዊት አስተምራለሁ። አማርኛቸው ከቤት ወሬ አያልፍም። በእጄ ያለው ግእዙን ከአማርኛ አንድምታው ጋር፣ ማለትም ሊቃውንቱ አንዱን ጥቅስ «አንድም… አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ ከፈቱበት ትርጓሜ ጋር የያዘው መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን «አንድም» በእንግሊዝኛ አስጻፍኳቸው፤ አንዷ እስክሪብቶዋን አንስታ «ትክክለኛው የትኛው ነው? እሱን ላስምርበት» አለችኝ። ቀጥሎ አንዱን ብቻ መርጬ ሰጠኋቸው፤ ይኼኛው ባሰ። ሊቃውንቱ ጎን ለጎን ያቆሙትን፣ እኔ አንዱን አንግሼ ሌላውን ጣልኩት። (የእኛ ዳዊት 22 ስልካቸው ላይ ባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ 23 መሆኑ እንኳ አላስቸገረም፤ የሰብዓ ሊቃናትን፣ የጥንቱን የግሪክ ትርጉም፣ ቁጥር እንደምንከተል ስነግራቸው ገባቸው።) አንድ ጥቅስ ብዙ ፍቺ ይዞ ሁሉም እውነት እንደሚሆን እንዲህ ላሉ ልጆች ያስተማራችሁ፣ ከየትኛው መዝሙር ጀመራችሁ?