ክርክር፦ ከቆዳ ስር የሚቀበር የስኳር መለኪያ ላይ ምርምር ይጀመር ወይስ ይቅርብን?

አስተባባሪ፦ የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶች፣ ሰላም ለሁላችሁ። ቂሊንጦ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታችን ነው። እንዲህ ያሉ ተቋማት የደም ስኳርን ሌት ተቀን የሚለካ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበር ሴንሰር ላይ ይሥሩ ወይስ ገንዘቡ ለሌላ ይዋል? ለማያውቁት፦ አሜሪካ ውስጥ ኤቨርሴንስ የሚባለው እንዲህ ያለ የሚቀበር ሴንሰር እ.ኤ.አ. በ2018 ሲፈቀድ ለ90 ቀን ነበር። በ2022 ለ180 ቀን ሆነ፣ በ2024 ደግሞ ዓመት የሚቆየው ተፈቀደ። በሉ እንግዲህ።

ተመራቂው፦ ይጀመር! ነገሩ እንደሚመስለው ምትሃት አይደለም። የሚቀበረው ባትሪ እንኳን የለውም። ኃይል የሚያገኘው ከላይ ክንድ ላይ ከሚለጠፈው ማስተላለፊያ ነው። ውስጡ ብርሃን ይበራል፣ ስኳር ሲነካው የሚደምቅ ፖሊመር አለው፣ ድምቀቱ ይለካል። ፈተናው ሰውነታችን ነው። ባዕድ ነገር ሲገባበት በጠባሳ ይከበዋል፣ ያኔ ስኳሩ በደንብ አይደርሰውም። ለዚህም ነው ሴንሰሩ ላይ የሰውነትን ቁጣ የሚያበርድ ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት የሚያደርጉበት።

የብሎክ 40 እናት፦ እኔም ይጀመር ባይ ነኝ። ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም አለባት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስቀሰቅሳት ዓይኗን ሳትገልጥ ጣቷን ትዘረጋልኛለች። ስኳሯ ሲወርድ እኔ ተኝቼ ብገኝስ? ይሄኛው ስልክ አጠገብ ባይኖር እንኳን ክንድ ላይ ይንቀጠቀጣል አሉ።

ፋርማሲስቷ፦ እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ግን ኤቨርሴንስ የተፈቀደው ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ነው። ሌላም አለ። ዓመት የሚቆየውም ቢሆን በጣት ደም ማስተካከል ይፈልጋል፤ መጀመሪያ አካባቢ በየቀኑ፣ በኋላ በሳምንት አንዴ። ስለዚህ ስትሪፕ፣ ማለትም የጣት ደም የሚነካበት መመርመሪያ ቁራጭ፣ ከሌለ ሴንሰሩም የለም። እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የወሰደ ሰው ደግሞ ስኳሩ ሳይወርድ ወርዷል ብሎ ሊያሳየው ይችላል። እኛ ጋ ዶክሲሳይክሊን እንዴት እንደሚወሰድ ታውቃላችሁ።

ጡረተኛው፦ ተባረኪ ልጄ! እኔ የስኳር መለኪያ ማሽን አለኝ፣ ስትሪፕ የለኝም። ከውጭ ዘመድ ያመጣልኝ ነው፣ የሌላ ማሽን ስትሪፕ አይቀበልም። ይኸው ቴሌቪዥኑ ስር ጌጥ ሆኗል። እናንተ ክንድ ቀዶ ስለ መቅበር ታወራላችሁ። መብራት ሲጠፋ ማን ቻርጅ ሊያደርገው ነው?

ተመራቂው፦ ጋሼ፣ ቻርጅ የሚደረገው ከላይ የሚለጠፈው ማስተላለፊያ ነው፤ የሩብ ሰዓት ጉዳይ ነው፣ ፓወር ባንክም ይበቃዋል። የስትሪፑን ግን እቀበላለሁ። እንዲያውም ከዚያ እንጀምር። የዛሬዎቹ ስትሪፖች በኢንዛይምና በኤሌክትሪክ ስኳር መለካታቸው እኮ እ.ኤ.አ. በ1962 ክላርክ የሚባል ሳይንቲስት ካቀረበው ሐሳብ የመጣ ነው። ስትሪፕ መሥራት የቻለ ላብራቶሪ ነገ ሴንሰር ይሠራል።

ፋርማሲስቷ፦ እዚህ ላይ ቀስ። አሁን ራስህ የነገርከን በብርሃን የሚሠራ ነው፣ ኢንዛይም የለውም። ኢንዛይም ሰውነት ውስጥ ብዙ አይቆይም። ስትሪፕ መሥራት ለራሱ ይጠቅማል፣ የሴንሰር መንገድ ነው ብለህ አትሽጥልን።

ተመራቂው፦ እሺ፣ አንድ ለዜሮ። ሳይቀበሩ ቆዳ ላይ የሚለጠፉት፣ 14 ቀን ገደማ የሚቆዩት ሴንሰሮች ግን በኢንዛይም ነው የሚሠሩት።

የብሎክ 40 እናት፦ እነሱ ለልጅ ይሆናሉ?

ፋርማሲስቷ፦ አዎ፣ ለልጆች የተፈቀዱ አሉ። ችግሩ እኛ አገር ብዙ ጊዜ በሰው ሻንጣ ነው የሚመጡት። አንዱ ሲያልቅ ሌላው እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ።

የብሎክ 40 እናት፦ እንግዲያው ድምፄ ለስትሪፕ። ግን ሌሊት የሚቀሰቅሰኝን ነገር እንዳትረሱብኝ፣ አደራ።

ፋርማሲስቷ፦ ጋሼ፣ የማሽንዎን ጀርባ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። የሚስማማው ስትሪፕ ካለ ነገ ልጠይቅልዎት።