ሒሳቡ እኩል ይካፈል ወይስ ሁሉም ያዘዘውን ይክፈል?

ጥያቄውን ያነሳው፦
ባለፈው ሳምንት ሥራ የሚለቅ ባልደረባችንን ለመሸኘት ዘጠኝ ሆነን አንድ ባርና ሬስቶራንት ገባን። እኔ መድኃኒት ላይ ስለነበርኩ መጠጥ አልነካሁም። አንድ ሾርባና አንድ ውሃ፣ በቃ። ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ግን ሦስተኛ ጠርሙስ ወይን አስከፍተዋል። ሒሳቡ መጣ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ተሸኚው አይከፍልም፣ ለስምንት ስናካፍለው…» ብሎ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ። ሁሉም ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። የከፈልኩት ካዘዝኩት አራት እጥፍ ይሆናል።

ቤት ስገባ ያናደደኝ ከገንዘቡ ይልቅ ዝምታዬ ነው። አቋሜን ልናገር። ሁሉም ያዘዘውን ይክፈል። ቡድን ሲመጣም ሬስቶራንቱ ሒሳቡን ለየብቻ የማውጣት ግዴታ ይኑርበት። ተሳሳትኩ?

እኩል ባይ፦
አዎ፣ ተሳስተሃል። ሰው የሚገናኘው ለመጫወት እንጂ ደረሰኝ ለመመርመር አይደለም። አንድ ጊዜ ስድስት ሰዎች መሃል ላይ ለተቀመጠ የድንች ጥብስ ሲከራከሩ አይቻለሁ። «እኔ ሁለት ብቻ ነው ያነሳሁት» የሚል ትልቅ ሰው ነበር! ሁሉም እጁን የሰደደበትን ሳህን በምን ትከፍለዋለህ? ዛሬ ትንሽ ብትጎዳ ነገ ሌላው ይጎዳል። ዞሮ ዞሮ ይካካሳል።

ለስላሳ ጠጪዋ፦
ይካካሳል ትላለህ። የማይጠጣ ሰው እኮ ነገም አይጠጣም።

ቁጥር ወዳዱ፦
ይሄ ጉዳይ በሙከራ ታይቷል። ዩሪ ግኒዚ፣ ኤርናን ሃሩቪና ሃዳስ ያፌ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ስድስት ስድስት አድርገው ሬስቶራንት አስገቧቸው። ውጤቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አንዳንዱ ቡድን ለየብቻ እንደሚከፍል ተነገረው፣ አንዳንዱ እኩል እንደሚካፈል፣ አንዳንዱ ደግሞ በነፃ እንደሚበላ። እኩል ተካፋዮቹ ለየብቻ ከሚከፍሉት በ36 በመቶ ገደማ የበለጠ ዋጋ ያለው ነገር አዘዙ። በነፃ የበሉትማ ከእጥፍ አለፉ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስድስት ሆነን እኩል የምንካፈል ከሆነ፣ እኔ የምጨምረው ጣፋጭ ከኪሴ የሚያወጣው አንድ ስድስተኛውን ብቻ ነው። ቀሪውን እናንተ ትከፍሉልኛላችሁ። እናንተም ልክ እንደኔ ታስባላችሁ። መጨረሻ ላይ ሁላችንም ብቻችንን ብንሆን የማናዝዘውን አዝዘን እንወጣለን። የሚገርመው ደግሞ ሳያዝዙ በፊት የቱን ትመርጣላችሁ ተብለው ሲጠየቁ 80 በመቶዎቹ ለየብቻ መክፈልን ነው የመረጡት።

እኩል ባይ፦
እነዚያ ሰዎች ይተዋወቁ ነበር?

ቁጥር ወዳዱ፦
አይተዋወቁም።

እኩል ባይ፦
ታዲያ! ለማላውቀው ሰው ማን ይራራል? እኔ የማወራው ስለ ጓደኛ ነው። ጓደኛዬ ሾርባ ብቻ ሲያዝዝ እያየሁ ሁለተኛ ስቴክ አላዝዝም።

ለስላሳ ጠጪዋ፦
አንተ ላታዝዝ ትችላለህ። ሦስተኛ ጠርሙስ ያስከፈቱት ግን የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። ያልጠጣውን ሰው ግን ማንም ልብ አላለውም። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ሁልጊዜ «እኩል እናድርገው» የሚለው ብዙ ያዘዘው ነው። ትንሽ ያዘዘው ቢል ደግሞ «ቋጣሪ» ይባላል። ይሉኝታ የሚይዘው ሁልጊዜ አንዱን ወገን ብቻ ነው።

የቀድሞ አስተናጋጅ፦
ሰባት ዓመት አስተናጋጅ ሆኜ ሠርቻለሁና እኔም ልበል። «ለየብቻ አውጡ» ማለት ቀላል ነው። እኛ ወንበሮቹን በሐሳባችን ቁጥር እንሰጣቸዋለን። በበሩ በኩል ያለው አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ እያልን እንዞራለን። ትእዛዙን ስጽፍ የሰውየውን መልክ ሳይሆን የወንበሩን ቁጥር ነው የምይዘው። ሳህኑ ሲመጣ «ስቴክ የማን ነው?» ብዬ የማልጮኸው ለዚህ ነው።

አሁን ዘጠኝ ሰው አስቡ። የመጀመሪያው ሰዓት ሰላም ነው። ከዚያ አንዱ ሲጋራ ሊያጨስ ይወጣል፣ ሲመለስ ወንበሩ ተይዟል። ሌላዋ ወሬው ወደሞቀበት ጫፍ ትሄዳለች። ሦስቱ የጀመሩትን ብርጭቆ ይዘው ይዛወራሉ። አለቀ። ወንበር አራት ላይ ያዘዘችው ሴት አሁን ሰባት ላይ ናት፣ አራት ላይ ደግሞ ቢራ እንጂ ሌላ ያላዘዘ ሰው ተቀምጧል። በዚህ መሃል «ለየብቻ አድርጊልን» ይሉኛል። ሌሎች አምስት ጠረጴዛዎች ይጠብቁኛል። ዘጠኝ ካርድ ተራ በተራ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ አንዱ አይሠራም፣ አንዱ የይለፍ ቁጥሩን ረስቷል።

ግዴታ ይሁን የምትለው ወንድሜ፣ ግዴታውን የምሸከመው እኔ ነኝ።

ቁጥር ወዳዱ፦
እህቴ፣ ለቡድን ቀድሞ የሚታከለው የአገልግሎት ክፍያስ? እሱም ለዚህ ድካም ነው?

የቀድሞ አስተናጋጅ፦
ለድካሙም ነው፣ ለሌላም። ቡድን ሲበዛ ጉርሻ ያንሳል። እያንዳንዱ «ሌላው ይተዋል» ብሎ ይወጣል። ብሩን ጠረጴዛ ላይ ሲያዋጡ ደግሞ ታክሱን የሚያስታውስ የለም፣ ስለዚህ ከሒሳቡም ይጎድላል። ብዙ ቤት ከስድስት ወይም ከስምንት ሰው በላይ ሲሆን ቀድሞ የሚያክለው ለዚህ ነው። ገንዘቡ ለአስተናጋጁ ይድረስ አይድረስ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቤቱ በግድ የሚያክለውን የግብር መሥሪያ ቤቱ እንደ ጉርሻ አይቆጥረውም። በብሪታንያ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ አሠሪ ከጉርሻም ሆነ ከአገልግሎት ክፍያ ሳይቀንስ ለሠራተኛው እንዲያደርስ ሕግ ያስገድዳል። እኔ በሠራሁበት ቤት ሲታከል እንጂ ሲከፋፈል አይቼ አላውቅም።

ጥግ የሚቀመጠው፦
እኔ የሒሳብ ነገር አይገባኝም፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሮቢን ደንባር የሚባል ምሁር ሰዎች አንድ ወሬ ይዘው የሚቆዩት እስከ አራት ሲሆኑ ነው ይላል። ከዚያ ሲያልፉ ወሬው ለሁለት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዘጠኝ ሆናችሁ የወጣችሁ ይመስላችኋል እንጂ ሦስት ጠረጴዛ ነበራችሁ። ታዲያ ለምን በወሬ አንካፈልም? አብሮ ያወራ አብሮ ይክፈል። ወይን ጠጪዎቹም የወይናቸውን እርስ በርስ ይካፈሉ ነበር።

የዝምታውም ነገር አይግረምህ። ቤቱ ሲንጫጫ ሁሉም ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ጫጫታው ደግሞ ይብሳል። ሒሳብ የሚመጣው ጩኸቱ ጫፍ ሲደርስ ነው። በዚያ ሰዓት «እኔ እኮ አልጠጣሁም» ለማለት መጮህ አለብህ። ማን ይችላል?

ለስላሳ ጠጪዋ፦
😂 እውነት ነው። እኔ መፍትሔ የምለው መጠጥን ከምግብ መለየት ነው። መጠጥ ሁሉም ባንኮኒው ላይ እያዘዘ እዚያው ይክፈል። ምግቡን እኩል እንካፈል። የምግብ ልዩነት ብዙ አይደለም፣ የሚያቃጥለው መጠጡ ነው።

እኩል ባይ፦
ባንኮኒ ላይ ደግሞ «ይሄን ዙር በእኔ» ይጀመራል። ስምንት ሰው ባለበት የመጀመሪያውን ብርጭቆ ከተቀበልክ የስምንት ሰው ዕዳ ገባህ ማለት ነው። ከሒሳቡ የባሰ ወጥመድ! ግን እሺ፣ መጠጥ ይለይ የሚለውን እቀበላለሁ። የድንች ጥብሱን ግን አልቆጥርም።

ቁጥር ወዳዱ፦
ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ሒሳቡ ከመጣ በኋላ ነው። እነዚያ 80 በመቶ የተጠየቁት ሳያዝዙ በፊት ነበር።

ጥያቄውን ያነሳው፦
እህቴ የጻፈችውን ካነበብኩ በኋላ «ግዴታ ይሁን» ያልኩትን አንስቻለሁ። እኩል መካፈሉን ግን አሁንም አልዋጥኩትም። በሚቀጥለው ወር ሌላ ሽኝት አለ። ገና እንደተቀመጥን፣ ሜኑ ሳይከፈት፣ አስተናጋጇን ጠርቼ «የእኔ ለብቻው ይሁን» እላለሁ። ባልደረቦቼ ይስሙ፣ ችግር የለም። ይሄ ያስቸግራችኋል?

የቀድሞ አስተናጋጅ፦
ምንም አያስቸግርም። ወንበር ብቻ አትቀይር።